እናቴ የገባችበት የውሃ ቤት

በእኛ ቤት አንድ ሰው ሲያጋንን «ዋሸህ» አይባልም፤ «የውሃ ቤት ገባህ» ነው የሚባለው። ታናሽ ወንድሜ ከዝዋይ ያጠመደውን ዓሣ ለማሳየት ክንዱን እስከ ትከሻው ሲዘረጋ የውሃ ቤት ገባ። የአክስቴ ልጅ አለቃዋ ያለ እሷ የቢሮውን በር መክፈት እንደማይችል ስታወራ የውሃ ቤት ገባች። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝና «ነገ ጠዋት ይደርስልሻል» ብዬ የሸኘኋቸው ደንበኞች ሁሉ ምስክሬ ናቸው፤ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምገባ አልቆጥረውም። አባባሉን ጎረቤት ሳይቀር ለምዶታል። መጀመሪያ የገባችው ግን እናቴ ናት፤ እሷ ደግሞ ገባሁ የምትለው የምሯን ነው።

እናቴ የተወለደችው ከአሰላ ወደ ዲክሲስ ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለ መንደር ውስጥ ነው። ከመንደሩ ሥር፣ የስንዴው ማሳ አልቆ ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ከአንድ ትልቅ አለት ግርጌ ምንጭ ይወጣል። ምንጭ ስላችሁ ጠብ ጠብ የሚል እንዳይመስላችሁ። ውሃው እየገፋ ነው የሚወጣው፤ ከአለቱ ፊት ለፊት ሰው ቆሞ የሚሰወርበት ኩሬ ሠርቶ፣ ከታች አሸዋው ሲፈላ እየታየ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እናቴ ልጅ ሳለች ከታላቅ ወንድሟ ጋር ውሃ ሊቀዱ ወረዱ። እሷ ገላዋን ልትታጠብ ገባች፤ ከዚያ በአለቱ ሥር ሾለከች፤ ትንፋሿን ይዛ፣ ድንጋዩን በእጇ እየገፋች ስትሄድ ጭንቅላቷ ከውሃ ወጣ። የወጣችው ግን ወደ ውጭ አይደለም። ጣሪያና ግድግዳ ያለው፣ ከላይ አረንጓዴ ብርሃን የሚገባበት ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ እንደ እንግዳ ቁጭ ብላ ካረፈች በኋላ በመጣችበት ተመለሰች። ቤት ደርሳ ይህን ስትናገር ወንድሟ «ውሸቷን ነው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ስትስቅ አይቻታለሁ» አለ። እሱ ታላቅ ነው፤ ወንድ ልጅም ነው። የተገረፈችው እሷ ሆነች።

ያ ልጅ ዛሬ የእኔ ኤሱማ ናቸው። ኤሱማ የእናት ወንድም ማለት ነው፤ እኛ አርሲዎች ዘንድ ደግሞ የእናት ወንድም እንደ ማንኛውም አጎት አይታይም። ምርቃቱ ይደርሳል፣ እርግማኑም ይደርሳል ስለሚባል ፊት ለፊት የሚከራከረው የለም። ኤሱማዬ ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። በየዒዱ፣ በየሠርጉ፣ ምግብ ተነሥቶ ሻይ ሲቀርብ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና የእህታቸውን የውሃ ቤት ያወራሉ፤ በየዓመቱም ክፍሉ ውስጥ አዲስ ዕቃ ይገባል። አንድ ጊዜ ሶፋ ገብቶ ነበር። ሁላችንም እንስቃለን፤ እናቴም አብራ ትስቃለች።

ባለፈው ዓመት ግን አልሳቀችም። የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ኤሱማዬ ለአማቾቻችን ሲያወሩ አየኋት፤ ብርጭቆዋን ይዛ ወለሉን ታያለች። በማግስቱ ሱቄ መጥታ ከጨርቁ ክምር አጠገብ ተቀመጠች።

«ልጆቼን አሳድጌአለሁ» አለች። «መካም ደርሼ መጥቻለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ከመሞቴ በፊት አንድ ሰው እንኳ ይመነኝ።»

«እኔ አምንሻለሁ» አልኳት ከማሽኑ ቀና ሳልል።

«አንቺ ትወጂኛለሽ እንጂ አታምኚኝም።»

ተናደድኩ። የተናደድኩትም እውነቷን ስለሆነ ነው። እኔ ስናደድ አፌ ከጭንቅላቴ ይቀድማልና «እንግዲያው ራሴ ገብቼ አየዋለሁ!» አልኩ። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ዕድሜዬ አርባን አልፏል፤ ከልብስ ስፌት ማሽን ጋር ስኖር ወገቤም ሰፍቷል። ዋና አለመቻሌንም ታውቃለች። «ኢንሻአላህ» ብላ ተነሥታ ሄደች። የኢንሻአላህ አባባሏ ደግሞ ይባስ አናደደኝ።

ሁለት ጓደኞች አሉኝ። አንዷ ከባሕር ዳር ተመድባ የመጣች አዋላጅ ነርስ ናት፤ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ ስትኖር ቤተሰብ ሆናለች። ጣና ዳር ስላደገች ከመራመዴ በፊት ዋኝቻለሁ ትላለች፤ በቤታችን ደንብ መሠረት የት እንደገባች ነግረናታል። ሁለተኛዋ የበቆጂ ልጅ ናት። በወጣትነቷ ትሮጥ ነበር፤ ጉልበቷ ሲያስቸግራት ተወችውና አሁን አሰላ ውስጥ ስፖርት ታስተምራለች። ነገሩን ስነግራቸው አዋላጇ «ውሃው የሚፈሰው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?» ብላ ጠየቀች። ወደ ውጭ ነው አልኳት። «እሰይ፤ ስንገባ ይከለክለናል እንጂ ስንወጣ ይሸኘናል» አለች። የበቆጂዋ የጠየቀችው ማን ቀድሞ እንደሚገባ ነው። ሯጭ መሮጥ ቢተው መቅደም አይተውም።

ትንፋሽ መያዝ የተለማመድነው በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። እሑድ እሑድ ግቢያችን ውስጥ ሦስት ሳፋ ይደረደራል፤ ሦስት ትልልቅ ሴቶች ተንበርክከን ፊታችንን ውሃ ውስጥ እንነክራለን፤ እናቴ ከላይ ቆማ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። የበቆጂዋ ሁሌ ታሸንፋለች፤ እኛ ፊታችን ቀልቶ ስንስል እሷ ገና ከሳፋው ውስጥ አረፋ ትለቃለች። አንዲት ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ስታየን ቆይታ «ይሄ ለምን በሽታ ነው?» አለች። እናቴ መቁጠሯን ሳታቋርጥ «ለውሸት» አለቻት።

ዋናውን አዳማ እየወረድን፣ ለሴቶች ብቻ በተለየ ሰዓት፣ አንድ ሆቴል መዋኛ ውስጥ አዋላጇ አስተማረችን። እኔ ቶሎ ተንሳፈፍኩ፤ ምክንያቱን አዋላጇ በጨዋ ደንብ ሳትናገር አለፈችው። የበቆጂዋ ግን እንደ ድንጋይ ሰመጠች። ሥጋ የሚባል የላትም፤ አጥንትና ሳንባ ብቻ ናት። መዋኛው ወለል ላይ ቆማ እግሯን ስታነሣ ስትጥል፣ አዋላጇ ውሃውን በመዳፏ እየመታች «ተንሳፈፊ እንጂ አትሩጪ!» ትላለች። ያኔ እንደሳቅኩት ስቄ አላውቅም። ልብሱን እኔው ሰፋሁት። ከስፖርት ቱታ ጨርቅ፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ወጥ የሆነ፣ ፀጉር የሚሸፍን ኮፍያ ያለው፤ ሦስቱንም ቀይ አደረግኳቸው። ብንጠፋ ቶሎ እንድንታይ ነው አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ግን ከአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የተረፈኝ ጨርቅ ነበር።

በጥር፣ አዝመራው ገብቶ ውሃው ሲጠራ ሄድን። እስከ መገንጠያው በሚኒባስ፣ ከዚያ በጋሪ። ከኋላችን ጭላሎ ከነደመናው ቆሟል፤ ግራና ቀኙ ገለባ ብቻ የቀረበት ማሳ ነው፤ ከብቶቹ ተለቀውበታል። እናቴ ከጋሪው ፊት ክዳን ያለው ጣሳ ታቅፋ ተቀምጣለች። ምን እንደሆነ ስንጠይቃት «ሲደርስ ታዩታላችሁ» አለች። መንገዱን ሙሉ አንዴ ትዘፍናለች፣ አንዴ የጣሳውን ክዳን ትነካካለች። እኔ ግን እጨነቃለሁ። ስለ ውሃው አልነበረም። ክፍሉ ባይኖርስ? ድንጋይ ብቻ ብናገኝስ? ወጥቼ ምን እላታለሁ? ውሸት መሆኑን በገዛ እጄ አረጋግጬ ለኤሱማዬ ላስረክብ ነው እንዴ? ይህን ሳስብ ጋሪውን አስቁሜ መመለስ አማረኝ።

ኤሱማዬ እርጎ አቅርበው ተቀበሉን። «ሦስት ትልልቅ ሴቶች» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «የአንዲትን ሴት ውሸት ፍለጋ!» ነገር ግን አልከለከሉንም። እንዲያውም የመንደሩ ወንዶች ጠዋቱን ሙሉ ወደ ምንጩ እንዳይወርዱ አዘዙና፣ ራሳቸው ከመንገዱ አፍ ድንጋይ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ። እጃቸውን ዘርግተውም መረቁን። «በሰላም ግቡ፣ በሰላም ውጡ፤ ከድንጋይ በቀር የምታገኙት ባይኖርም።» አሜን አልን። የመጨረሻዋን ግን አሜን አላልኳትም።

ውሃውን በእግሬ ነካሁት። የአርሲ ደጋ ምንጭ በጥር ጠዋት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነ። ያኔ እናቴ ጣሳዋን ከፈተች። ለጋ ቅቤ ነው፤ እስከ አፉ።

«ሳትቀቡ አትገቡም» አለች።

አዋላጇ «እማማ፣ ገመድ መያዝ አለብን እኮ፤ እጃችን...» ብላ ስትጀምር የእናቴ መዳፍ ከነቅቤው ጉንጯ ላይ አረፈ። እኛ አገር ብርድን በቅቤ መመለስ ክርክር የለበትም፤ አራስ ይቀባል፣ ሕፃን ይቀባል፣ መንገደኛ ይቀባል። የበቆጂዋ «ከውድድር በፊት ጉልበቴን እናቴ እንዲህ ታሽልኝ ነበር» ብላ በደስታ እግሯን ዘረጋች። ፊታችንን፣ አንገታችንን፣ እጃችንን እስከ ክርን፣ እግራችንን እስከ ጉልበት ተለቀለቅን። የዋና መነጽሬ በአፍንጫዬ ተንሸራቶ ሣሩ ላይ ወደቀ። ፎቶ ላነሣበት በፕላስቲክ የጠቀለልኩት ስልክ ሦስቴ ካመለጠኝ በኋላ ተስፋ ቆርጬ ከቦርሳዬ ሥር ከተትኩት። ኤሱማዬ ሽታው ደርሷቸው ነው መሰለኝ ሳይዞሩ «ልትዋኙ ነው ወይስ ልትጠበሱ?» አሉ።

ገመዱ የጋሪ ጭነት የሚታሰርበት ናይሎን ነው። ስምምነታችን ቀላል ነበር። አዋላጇ ገመዱን ወገቧ ላይ አስራ ቀድማ ትገባለች። ክፍሉ ካለ ገመዱን ውስጥ ካለ ድንጋይ ላይ ታስርና ሁለቴ ትስባለች፤ እኛ እሱን ይዘን እንከተላለን። ከሌለ ደግሞ እናቴ ጎትታ ታወጣታለች። ሌላው ጫፍ ከእናቴ እጅ ነው።

አዋላጇ አማተበች፣ አየር ሳበች፣ ገባች። ቀይ ኮፍያዋ ከአለቱ ሥር ጠፋ። ገመዱ በእናቴ ጣቶች መሃል እየሾለከ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ኤሱማዬ ከላይ «ደረሰች? ወንበር አወጡላት?» አሉ። እኔ በሳፋው ጊዜ የቆጠርነውን ያህል መቁጠር ጀምሬ ጠፋኝ። ከዚያ ገመዱ ተወጠረ። ላላ። እንደገና ተወጠረ።

እናቴ አልጮኸችም። «አለ» አለች በሹክሹክታ፤ ዓይኗ በእንባ ተሞላ። «አለ፤ ሂጂ በይ።»

«ገመድ የሳበ ሁሉ ቤት አገኘ ማለት ነው?» አሉ ኤሱማዬ ከላይ።

ቢስሚላህ ብዬ ጠለቅኩ። ቅቤው ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው እጄ ላይ እንደ ሻማ ረጋ። ገመዱን እይዛለሁ፣ ያመልጠኛል፤ አንድ ክንድ እሄዳለሁ፣ ውሃው ግማሹን ይመልሰኛል። መነጽሬ ወደ አገጬ ወረደ። ከፊቴ ጨለማ ነው፤ ደረቴ ሊፈነዳ ነው፤ እናቴን በልቤ አማኋት፤ ከነቅቤዋ፣ ከነውሃ ቤቷ። ጭንቅላቴ ከአለት ጋር ተጋጨ። ያኔ ውሃው ከላዬ አረንጓዴ ሆነ፤ አንድ እጅ ኮፍያዬን ይዞ ሳበኝና ወጣሁ።

ክፍል ነው። ወላሂ ክፍል ነው። ከእንግዳ ማረፊያችን አይሰፋም፤ ጣሪያው ጎበጥ ያለ ነው፤ ከአንድ ጥጉ ስንጥቅ ይጀምርና ወደ ላይ ይሄዳል፤ ስንጥቁን ከውጭ ቅጠል ስለሸፈነው ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል። በኋላ እንደተረዳሁት መንደርተኛው ከላይ የሚያየውን ቀዳዳ የሽኮኮ ጉድጓድ ነው ብሎ ትቶት ኖሯል። ከውሃው ዳር መደብ የመሰለ ድንጋይ አለ። እናቴ የተቀመጠችው እሱ ላይ መሆን አለበት፤ ሌላ መቀመጫ የለም። «እውነቷን ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «እውነቷን ነው! እውነቷን ነው!» ግድግዳው እየተቀባበለ መለሰልኝ። አለቀስኩም፣ ሳቅኩም፤ አዋላጇ አቅፋ ትይዘኛለች፣ እኔ ከእጇ እየሾለክኩ ውሃ ውስጥ እወድቃለሁ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ደስ ብሎኛል፤ እንደዚያ ቀን ያለ ደስታ ግን አላስታውስም።

የበቆጂዋ ደረሰች። ውሃውን የገፋችው በሳንባዋ ብቻ ነው መሰለኝ፤ ስትወጣ እንኳ አላለከለከችም። «ይሄ ነው?» አለች ዙሪያውን እያየች፤ «ሶፋው የታለ?» በሳቅ ሞትን። መደቡ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፣ ቅቤው ከክንዳችን ላይ እየተላጠ ይወርዳል፣ ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል፣ ዝም የሚል ግን የለም። ሦስታችንም መድረሳችንን ለእናቴ በገመዱ ልናስታውቃት ይገባ ነበር፤ በደስታው ብዛት ረሳነው። ስናስታውስ አዋላጇ ወደ ድንጋዩ ዞረች። ገመዱ የለም።

ቅቤ በተቀባ እጅ፣ ቅቤ በነካው ናይሎን የታሰረ ቋጠሮ ነው። የበቆጂዋ ወጥታ ስትለቀው ተፈትቶ ከውሃው ጋር ሄዷል። አዋላጇ «በማርያም፣ አትፍሩ፤ ውሃው ራሱ ያወጣናል፤ የመውጫውን ብርሃን እያያችሁ ትንፋሻችሁን መያዝ ብቻ ነው» አለች። አፏ ይህን ይላል፣ እጄን ግን አጥብቃ ይዛለች። ልንነሣ ስንል ከጣሪያው በላይ ኮቴ ሰማን። የሰው ነው፤ ይቸኩላል። ልክ ከስንጥቁ አጠገብ ቆመ። ከዚያም ድምፅ ወረደ፤ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ከእኛ ጋር የተቀመጠ ሰው የሚናገር ያህል ነው።

«ያ ረቢ!»

ኤሱማዬ ናቸው። በኦሮምኛ ነው የሚናገሩት፤ የሚያለቅሱም ይመስላል። የሰመጥን መስሏቸው ሰው ለመጥራት ወደ መንደር ሲሮጡ እዚያ ላይ ዱዓ ሊያደርጉ ቆመው ነው።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለች አዋላጇ። በሹክሹክታ መተርጎም ጀመርኩላት።

«ያ ረቢ፣ እነዚህን ልጆች መልስልኝ። እህቴን ውሸታም ያደረግኳት እኔ ነኝ። አልዋሸችም፤ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። መልሰህ ከሰጠኸኝ ያን ራሱ ጥቁር የሆነውን በግ አርዳለሁ። ሰው በተሰበሰበበት ቆሜም አልዋሸችም እላለሁ።» ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፤ «በጉ ካነሰ ወይፈኑን።»

የበቆጂዋ ኦሮምኛ ስለምትሰማ ትርጉሜን አልጠበቀችም። አፏን በሁለት እጇ አፈነች፤ እጇ ግን ቅቤ ነው፤ ተንሸራተተ። ሳቋ ፈነዳ። እኛም ተከተልናት፤ ክፍሉ ሳቃችንን አባዝቶ በስንጥቁ በኩል ወደ ላይ ላከው። ከላይ፣ ጂን እንደሰማ ሰው፣ «አዑዙ ቢላህ!» የሚል ጩኸት፣ ከዚያ ሩጫ። ኤሱማዬ ሲሮጡ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የበቆጂዋ እንባዋን እየጠረገች ኮቴውን አዳመጠች። «ጥሩ እግር አላቸው» አለች።

ሳቄ መሃል ላይ ተቆረጠ። ገመዱ ባዶውን ሲወጣ ያየችው እናቴ መሆኗ ትዝ አለኝ። «ተነሡ!» አልኩ፣ ማንንም ሳልጠብቅ አየር ስቤ ጠለቅኩ። አዋላጇ እንዳለችው ውሃው ሸኘኝ፤ እንዲያውም ወረወረኝ።

ስወጣ እናቴ ኩሬው ውስጥ ነበረች። ከነቀሚሷ፣ ከነሻርፗ፣ እስከ ደረቷ። ባዶው ገመድ ክንዷ ላይ ተጠቅልሏል፤ ፊቷ ወደ አለቱ ነው። ልትጠልቅ ነበር።

«አንቺ ሴት ምን ልትሆኚ ነው?» ብዬ ጮኽኩባት።

«መንገዱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አለች እየተንቀጠቀጠች። «ማን ሊያወጣችሁ ነበር?»

አቀፍኳት። ሁለቱም ከኋላዬ ብቅ ብቅ አሉ፤ እናቴ ቀይ ኮፍያዎቹን ስታይ ይዛኝ ቁጭ አለች፣ እዚያው ውሃው ዳር። «ክፍሉ አለ፣ እማዬ» አልኳት ጆሮዋ ሥር። «መደብም አለው። አረንጓዴ ነው።» ደጋግማ «አዎ፤ አዎ» ብቻ አለች፤ ስለምታውቀው ጎረቤት ደኅንነት የነገርኳት ይመስል።

ጋቢ ተከናንበን ፀሐይ ላይ ስንቀመጥ ሰው ከላይ ወረደ፤ ገመድ የያዘ፣ ዱላ የያዘ፣ ቁርአን የሚቀራም ነበረበት። ኤሱማዬ ከፊት ናቸው፤ ጥምጥማቸው ተፈትቷል። ሦስታችንን በሕይወት ሲያዩ ቆሙ። ፊታቸው ላይ ያለፈውን ሁሉ አየሁት። ከዚያ ሰው እንደሚያያቸው ትዝ አላቸው፤ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንዴት ነው? ድንጋዩ ደኅና ነው?» አሉ።

ለኤሱማ እንዲህ አይመለስም፤ አውቃለሁ። ግን አፌ ከጭንቅላቴ ቀደመ። «ድንጋዩ ደኅና ነው ኤሱማ» አልኩ። «እኔ የምለው፣ የሚታረደው ራሱ ጥቁር የሆነው በግ ነው ወይስ ወይፈኑ?»

ኤሱማዬ ወደ አለቱ አዩ፣ ወደ ላይ ወደ ማሳው አዩ፣ መልሰው እኔን አዩኝ። ሰዉ «የምን በግ? የምን ወይፈን?» ማለት ጀመረ። ስለዚህ ነገርኳቸው። ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠን በጣሪያው በኩል የሰማነውን ሁሉ፣ ከ«ያ ረቢ» እስከ «በጉ ካነሰ» ድረስ፣ ቃል በቃል። የበቆጂዋ የረሳሁትን እያስታወሰች ትሞላለች። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፤ አንድ ሽማግሌ ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ኤሱማዬ ግን አልሳቁም። ሳቁም ቀስ በቀስ ቆመ።

ዱላቸውን ሣሩ ላይ አኖሩ። ወደ መንደርተኛው ዞረው፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ጮክ ብለው «ሂን ሶብኔ» አሉ። አልዋሸችም። «ያኔም አልዋሸችም፣ ዛሬም አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ ስትፈነድቅ አያለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። ዕድሜ ልኳን ለጠበቀችው ቃል እልል ትላለች፣ ወይም ቢያንስ እንደ እኔ ትሳለቅባቸዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የቀሚሷን ጫፍ ጨምቃ ተነሣችና ከወንድሟ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች፤ አጠገቧ ስለነበርኩ ነው የሰማሁት።

«ያን ቀንም ከስንጥቁ በላይ ሆነህ ስታለቅስ ሰምቼሃለሁ» አለችው። «‹እህቴን መልስልኝ› ስትል። ወንድ ልጅ አለቀሰ ብለው እንዳይስቁብህ ብዬ ነው ለማንም ያልተናገርኩት።»

ያን ጊዜውኑ ይህችን አንዲት ነገር ብትናገር ኖሮ የሚገርፋት አልነበረም፤ ሁሉም ያምናት ነበር። ኤሱማዬ የእህታቸውን እርጥብ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና፣ መንደሩ ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።